ከደጋ ማሳ እስከ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ፤ የአፕል ግብይት ማንን ይጠቅማል?

በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ ላይ የሚታየው ከውጭ የገባ አፕል በአብዛኛው ቀለሙ የደመቀ፣ ገጹ የሚያንጸባርቅ፣ መጠኑ እርስ በርሱ የተመሳሰለና በላዩ ላይ ትንሽ ምልክት የተለጠፈበት ነው። ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች የሚመጣው አፕል ደግሞ አነስ ያለ፣ አረንጓዴና ቢጫ ገጹ በከፊል ብቻ ቀላ ያለ፣ መጠኑም የተለያየ ሆኖ ይታያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀርቡ ሸማቹ የመጀመሪያውን በጥራት፣ ሁለተኛውን በዋጋ ቅናሽ ይመዝናቸዋል።

ይሁንና የአፕል ጥራት በዓይን ብቻ የሚለካ አይደለም። ፍሬው መቼ ተለቀመ? ከተለቀመ በኋላ የት ቆየ? እንዴትስ ተጓጓዘ? የሚሉት ጥያቄዎች ጣዕሙንም ሆነ አርሶ አደሩ የሚያገኘውን ገቢ ይወስናሉ። ከማሳ ወይም ከአርሶ አደሮች ገበያ በቀጥታ መግዛት ይሻላል ወይስ ከሱፐርማርኬት? የሚለው በብዙ አገሮች የሚነሳ ክርክርም በመሠረቱ የእነዚሁ ጥያቄዎች ክርክር ነው። ክርክሩ በተለይ በደጋማ አካባቢዎች አፕል የሚያለሙ አነስተኛ ይዞታ ያላቸውን አርሶ አደሮች ገቢ በቀጥታ የሚነካ በመሆኑ የግብርናና የንግድ ተቋማትን ትኩረት የሚሻ ነው።

አንድ ዓመት የሚቆይ ፍሬ

አፕል ከዛፉ ከተለየም በኋላ ይተነፍሳል። ኤትሊን የተባለውን ጋዝ እያመነጨ ይበስላል፣ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳርነት ይለወጣል፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ ሥጋውም ይለሰልሳል። ሙቀት ይህን ሂደት በእጅጉ ያፋጥነዋል። በክፍል ሙቀት የተቀመጠ አፕል በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከተቀመጠው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ እንደሚለሰልስ የዘርፉ ባለሙያዎች ይገልጻሉ።

ይህን ሂደት ለመግታት የተደረገው ምርምር ረጅም ታሪክ አለው። ፍራንክሊን ኪድ እና ሲረል ዌስት የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካምብሪጅ ባካሄዱት ጥናት የመጋዘኑ አየር ኦክሲጅን ሲቀንስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር የፍሬው ትንፋሽ እንደሚዘገይ አሳይተዋል። በዚህ ግኝት ላይ የተመሠረተው አየሩ የተመጠነ ቀዝቃዛ መጋዘን ዛሬ የዓለም የአፕል ንግድ የጀርባ አጥንት ሆኗል። በተለመደው አየር 21 በመቶ የሚሆነው ኦክሲጅን በእነዚህ መጋዘኖች ከ1 እስከ 3 በመቶ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ለዚህ አያያዝ የሚስማሙ ዝርያዎች እስከ 10 ወራትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ።

ከዚህ በተጨማሪ ፍሬው ለኤትሊን ምላሽ እንዳይሰጥ የሚያደርግ ውህድ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ለአፕል እንዲውል ተፈቅዶ በስፋት ተሠራጭቷል። ፍሬው ሲታጠብ የሚጠፋውን የተፈጥሮ ሰሙን ለመተካትም ካርናውባ ከተባለ የዘንባባ ቅጠል ወይም ሼላክ ከተባለ የነፍሳት ውጤት የሚገኝ ለምግብነት የተፈቀደ ሰም ይቀባል። የሱፐርማርኬቱ አፕል የሚያንጸባርቀው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ አሠራሮች በራሳቸው ጉዳት ተደርገው የሚታዩ አይደሉም። አንድ የከተማ ነዋሪ በማንኛውም ወር ጤነኛና ያልተበላሸ ፍሬ እንዲያገኝ አስችለዋል፤ ከምርት በኋላ የሚደርሰውንም ብክነት ቀንሰዋል። ችግሩ ሸማቹ ስለ ፍሬው ዕድሜ የሚያውቀው ነገር አለመኖሩ ነው። በሰሜናዊው የምድር ክፍል የሚገኙ አምራች አገሮች አፕል የሚሰበስቡት በአመዛኙ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በቺሊና በኒውዚላንድ ደግሞ ምርት የሚሰበሰበው ከጥር አጋማሽ እስከ ግንቦት ነው። በመሆኑም በግንቦት ወር የሚሸጥ የሰሜኑ አገሮች አፕል ከተለቀመ ግማሽ ዓመት ያለፈው ይሆናል ማለት ነው። በፍሬው ላይ የሚለጠፈው ምልክት ግን ዝርያውን እንጂ የተለቀመበትን ቀን አይነግርም።

ከማሳ የተገዛ አፕል ብልጫና ወሰን

ከማሳ በቀጥታ የሚገዛ አፕል ዋነኛ ብልጫው በዛፉ ላይ እያለ መብሰል መቻሉ ነው። ለረጅም ማከማቻ የሚላክ ፍሬ ሙሉ በሙሉ ሳይበስል መለቀም ይኖርበታል፤ በጣም የበሰለ ፍሬ በመጋዘን አይቆይምና። ለአካባቢ ገበያ የሚለቅም አርሶ አደር ግን ይህ ግዴታ የለበትም። መዓዛውና ጣዕሙ እስኪሟላ መጠበቅ ይችላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚበላ አፕል ከመጋዘን ከወጣው ይልቅ ጠንካራ፣ ጭማቂና መዓዛ ያለው የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ብልጫ ወሰን አለው። በመጀመሪያ፣ የሚቆየው በምርት ወቅት ብቻ ነው። ከምርት ወቅት ውጭ በአርሶ አደሮች ገበያ የሚቀርብ አፕልም ከመጋዘን የወጣ ነው። ሁለተኛ፣ በሜዳ ላይ በፀሐይ ተዘርግቶ የዋለ ፍሬ በአንድ ቀን ውስጥ ትኩስነቱን ሊያጣ ይችላል። በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ በመኪና ጣሪያ ላይ የተጓዘ አፕል በሦስተኛው ቀን በቀዝቃዛ መጋዘን ወራት ከቆየው የባሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በመሆኑም "ከማሳ የመጣ" የሚለው ቃል ብቻውን የጥራት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ከተለቀመበት ሰዓት ጀምሮ የሚደረግለት አያያዝ እኩል ይመዝናል።

ለመልክ ብቻ የማምረት አደጋ

የአሜሪካው "ሬድ ዴሊሸስ" የተባለ ዝርያ ታሪክ ለዚህ ትምህርት ሰጪ ነው። በአይዋ ግዛት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የተገኘው ይህ ዝርያ በመጀመሪያ በጣዕሙ ተወዳጅ ነበር። ሱፐርማርኬቶች እየተስፋፉ ሲሄዱ ግን ገዢዎች ይበልጥ ቀይ፣ ይበልጥ ተመሳሳይና ጉዞን የሚችል ፍሬ ፈለጉ። አምራቾችም ከዚያው ዝርያ ቀይነታቸው የደመቀውን ቅርንጫፎች እየመረጡ አባዙ። ከአሜሪካ የአፕል ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚያቀርበው የዋሽንግተን ግዛትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዚሁ በአንድ ዝርያ ላይ ተመሠረተ።

ውጤቱ ግን የተጠበቀው አልሆነም። ቆዳው ወፈረ፣ ሥጋው ዱቄት ዱቄት የሚል ሆነ፣ ሸማቹም ቀስ በቀስ ፊቱን ወደ ሌሎች ዝርያዎች አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አምራቾቹ ከፍተኛ ኪሳራ ስለደረሰባቸው በ2000 የአገሪቱ ምክር ቤት የድጋፍ ገንዘብ ለመመደብ ተገደደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ "ጋላ" የተባለው ዝርያ ለበርካታ አሥርት ዓመታት በአንደኝነት የቆየውን ሬድ ዴሊሸስ በምርት መጠን በለጠ።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛው፣ የገበያው ደረጃ ምደባ በመልክ ላይ ብቻ ሲመሠረት ውሎ አድሮ ዳፋው ለአምራቹ እንደሚተርፍ ነው። ሁለተኛው፣ አምራቹና በላተኛው ሳይገናኙ ሲቀሩ የበላተኛው ቅሬታ ወደ ማሳው የሚደርሰው በጣም ዘግይቶ እንደሆነ ነው። በቀጥታ የሚሸጥ አርሶ አደር በሳምንቱ የሚሰማውን አስተያየት በረጅም የግብይት ሰንሰለት ጫፍ ያለው አምራች የሚሰማው ከዓመታት በኋላ፣ ያውም በኪሳራ መልክ ነው።

የአርሶ አደሮች ገበያ ልምድ

ቀጥተኛ ገበያን በማደራጀት ረገድ በስፋት የሚጠቀሰው የኒውዮርክ ከተማ ልምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በጣት የሚቆጠሩ አርሶ አደሮች በአንድ ባዶ ቦታ ላይ ምርታቸውን ይዘው በመቅረብ የጀመሩት "ግሪንማርኬት" በዚያው ዓመት ወደ ዩኒየን አደባባይ ተስፋፍቶ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ዓላማው ሁለት ነበር፤ ለከተማው ነዋሪ ትኩስ ምርት ማቅረብ እና በከተማው ዙሪያ ያሉ አነስተኛ እርሻዎች ከገበያ ውጭ ሆነው እንዳይጠፉ ማድረግ። በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ገበያዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1994 ከነበረበት 1 ሺህ 755 በ2014 ከ8 ሺህ በላይ መድረሱን የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር መዝገብ ያሳያል።

የግሪንማርኬት ጠንካራ ጎን ደንቡ ነው። ሻጩ የሚያቀርበውን ምርት ራሱ ያመረተው መሆን ይኖርበታል፤ ተቆጣጣሪዎችም እርሻው ድረስ ሄደው ያረጋግጣሉ። ይህ ደንብ ባይኖር ኖሮ ከጅምላ ገበያ ገዝቶ በአርሶ አደር ስም የሚሸጥ ነጋዴ ቦታውን ከመያዝ የሚያግደው አይኖርም ነበር።

በዋጋ ረገድ ያለው ልዩነትም ግልጽ ነው። በአሜሪካ ሸማቹ ለምግብ ከሚያወጣው ከእያንዳንዱ ዶላር ለአርሶ አደሩ የሚደርሰው በአማካይ 15 ሳንቲም ገደማ ነው። ለትኩስ ፍራፍሬ ድርሻው ከዚህ ከፍ ቢልም ከግማሽ በታች ነው። ቀሪው ለማከማቻ፣ ለማሸጊያ፣ ለትራንስፖርት፣ ለጅምላና ለችርቻሮ ንግድ ይውላል። በቀጥታ የሚሸጥ አርሶ አደር ሙሉውን ዋጋ ይቀበላል፤ ነገር ግን የእነዚህን ሥራዎች ወጪ ራሱ ይሸከማል። በገበያ የሚያሳልፈው ቀን፣ የመኪና ኪራይ፣ ሳይሸጥ የሚመለስ ፍሬ ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ያርፋል። ስለሆነም ቀጥተኛ ገበያ ትርፋማ የሚሆነው ማሳው ለከተማ ቅርብ ሲሆን ወይም አርሶ አደሮች ተደራጅተው ወጪውን ሲጋሩ ነው።

የጨንቻ አፕል ከየት ወዴት

በኢትዮጵያ የአፕል ልማት ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሰው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጋሞ ዞን የሚገኘው የጨንቻ አካባቢ ነው። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ቢገኝም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ቀዝቃዛ ደጋ ነው። እንሰትና ገብስ ዋነኛ ሰብሎቹ፣ ሽመና ደግሞ የታወቀ ሙያው ነው። አፕል ወደ አካባቢው የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን አማካይነት ሲሆን ቆየት ብሎም በአርሶ አደሩ ጓሮ ተስፋፍቷል። ከጋሞ ውጭም በጉራጌ፣ በሰሜን ሸዋና በአዊ ደጋማ ቦታዎች ልማቱ ተጀምሯል።

አፕል የቅዝቃዜ ዛፍ ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ዝርያዎች በደንብ ለማበብ በክረምታቸው 800 ሰዓታትና ከዚያ በላይ ብርድ ይፈልጋሉ። ይህ በኢትዮጵያ ደጋ የሚገኝ ባለመሆኑ የተመረጡት ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል በእስራኤል የተዳቀለው "አና" እና ከባሃማስ የተገኘው "ዶርሴት ጎልደን" ይጠቀሳሉ። ሁለቱ በማሳ ላይ አብረው መተከላቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ለሌላው የአበባ ብናኝ ይሰጣል። የአና ዛፍ ብቻውን የተተከለበት ጓሮ አበባ ቢሞላውም በቂ ፍሬ ላይዝ ይችላል። ዛፉ ዕረፍት አድርጎ በአንድ ጊዜ እንዲያብብ ለማድረግም ከምርት በኋላ ቅጠሉን በእጅ የማርገፍ አሠራር ጥቅም ላይ ይውላል።

ለአንድ አነስተኛ ይዞታ ላለው አርሶ አደር ይህ ዛፍ ትልቅ ትርጉም አለው። የአንድ ቤተሰብ ማሳ በአብዛኛው ከአንድ ሄክታር በታች በሆነበት አካባቢ ከእንሰቱ ጎን የሚቆሙ ጥቂት ደርዘን ዛፎች ለልጆች ትምህርት፣ ለማዳበሪያ መግዣና ለበዓል ወጪ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ያስገኛሉ። በልማቱ መስፋፋት ወቅት የተዳቀሉ ችግኞችን አባዝቶ ለሌሎች አካባቢዎች መሸጥ ለብዙ አርሶ አደሮች ከፍሬው የበለጠ ገቢ ያስገኘበት ጊዜም ነበር። የችግኝ ገበያ ግን ውሎ አድሮ ይጠግባል። ዘላቂ ገቢ ሊገኝ የሚችለው ከፍሬው ነውና ጥያቄው ወደ ፍሬው ገበያ ይመለሳል።

ከመደርደሪያው ያራቀው ምንድን ነው?

ከጋሞ ደጋ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ርቀት ላይ ፍሬው ከአርሶ አደሩ ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢው ወደ ደላላና አከፋፋይ፣ ከዚያም ወደ ቸርቻሪ ይሸጋገራል። በእያንዳንዱ እጅ መጠነኛ ጭማሪና መጠነኛ ጉዳት ይደርሳል። አፕል ጠንካራ ቢመስልም ሲወድቅ ወይም ሲጫን የሚደርስበት ቁስል ወዲያው አይታይም፤ ከሁለትና ከሦስት ቀናት በኋላ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጉዳቱን ያደረሰው አንዱ፣ ወቀሳውን የሚቀበለው ሌላው ይሆናል። ሸማቹም "የአገር ውስጥ አፕል ቶሎ ይበላሻል" ብሎ ይደመድማል።

ከዚህ ሌላ ሦስት መሠረታዊ ክፍተቶች አሉ። የመጀመሪያው ያለ ጊዜው መልቀም ነው። ገንዘብ የቸገረው ወይም ፍሬው እንዳይሰረቅበት የሰጋ አርሶ አደር ገና ስታርቹ ያልተለወጠ አፕል ይለቅማል። ይህ ፍሬ ኮምጣጣ ከመሆኑም በላይ ቶሎ ይጨማደዳል። ሁለተኛው ደረጃ አለመመደብ ነው። ትልቁና ትንሹ፣ ጤነኛውና የቆሰለው በአንድ ከረጢት ሲሸጡ ገዢው ዋጋውን የሚቆርጠው ዝቅተኛውን መሠረት አድርጎ ነው፤ በጥንቃቄ የሠራው አርሶ አደር ግድየለሽ ከሆነው እኩል ይከፈለዋል። ሦስተኛው አቅርቦቱ የማይቆራረጥ አለመሆኑ ነው። ሱፐርማርኬት በየሳምንቱ በታወቀ መጠን የሚቀርብለት ምርት ይፈልጋል፤ ለአንድ ወር ሞልቶ ለሁለት ወር የሚጠፋ ምርት መደርደሪያ አያገኝም።

የውጭ ምንዛሪ ሁኔታም በዚህ ላይ የራሱን ተጽዕኖ አሳድሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንኮች ከ58 ብር በታች ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ፍራፍሬ በብር ሲሰላ ዋጋው መናሩ የማይቀር ነው። ይህ ለአገር ውስጥ አምራች ዕድል ነው። ነገር ግን የዋጋ ልዩነት ብቻውን ገበያ አያስገኝም። ሸማቹ በርካሽ የገዛው ፍሬ ግማሹ ተበላሽቶ ከተጣለ በሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም።

የእሁድ ገበያ እንደ መፍትሔ

ቀጥተኛ ግብይት ለኢትዮጵያ አርሶ አደር ባዕድ አይደለም። የገጠሩ የገበያ ቀን አምራቹ ከበላተኛው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት ጥንታዊ መድረክ ነው። ክፍተቱ ያለው ይህ ግንኙነት ወደ ትላልቅ ከተሞች ሲደርስ መቋረጡ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ የፍራፍሬና የአትክልት ጅምላ ማዕከል የነበረው የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ መዛወሩ ይታወሳል። ቦታው ቢለወጥም ምርቱ በጅምላ ነጋዴ እጅ የሚያልፍበት አሠራር በመሠረቱ አልተለወጠም።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተሞች የተስፋፋው የእሁድ ገበያ ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። አምራቾች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ምርታቸውን በቀጥታ ለነዋሪው እንዲያቀርቡ ዕድል ይሰጣል። ለአፕል ግን እንደ ጤፍና ሽንኩርት ቀላል አይሆንም። ከጨንቻ አንድ አርሶ አደር ጥቂት ኩንታል አፕል ይዞ እሁድ ጠዋት አዲስ አበባ እንዲደርስ መጠበቅ አዋጭ አይደለም። አዋጭ የሚሆነው ማኅበሩ የአባላቱን ፍሬ ሰብስቦ፣ ደረጃ መድቦ፣ በሳጥን አሽጎ በአንድ መኪና ሲያመጣውና ከሌሎች የደጋ ምርቶች ጋር አቀናጅቶ ሲሸጠው ነው። በአርባ ምንጭ፣ በወላይታ ሶዶና በሐዋሳ ያሉ ቅርብ ገበያዎችም ከአዲስ አበባ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ትኩስነትን ጠብቆ ለመሸጥም ሆነ ወጪን ለመቀነስ ቅርበት የመጀመሪያው መሣሪያ ነውና።

የእሁድ ገበያ ዓላማውን እንዲያሳካ ሻጩ ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በአምራች ስም የተያዘ ቦታ ላይ ከጅምላ ገበያ የተገዛ ፍሬ የሚሸጥ ከሆነ አርሶ አደሩ አይጠቀምም፤ ሸማቹም ትኩስ ምርት አያገኝም። የማኅበር አባልነት ማረጋገጫና ምርቱ የተነሳበትን ቀበሌ የሚገልጽ አጭር ሰነድ መጠየቅ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ቁጥጥር ነው።

የሚጠበቁ ተግባራት

ጉዳዩ የሚመለከታቸው አካላት ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ጉዳዮች በአብዛኛው ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። በመጀመሪያ ደረጃ የልቀማ ጊዜን መወሰን ያስፈልጋል። አፕልን ለሁለት ከፍሎ በአዮዲን ውኃ መንከር ስታርቹ ምን ያህል ወደ ስኳር እንደተለወጠ ያሳያል። ጥቁር ሆኖ የሚታየው ክፍል ሰፊ ከሆነ ፍሬው አልደረሰም። አንድ የልማት ሠራተኛ በጥቂት ጠርሙስ አዮዲን የአንድ ቀበሌን የልቀማ ቀን ማስማማት ይችላል። ማኅበሩም ያልደረሰ ፍሬ እንደማይቀበል በመተዳደሪያ ደንቡ ሊያሰፍር ይችላል።

ሁለተኛው ሳጥን ነው። በከረጢት ፋንታ እየተመላለሰ የሚያገለግል የፕላስቲክ ሳጥን የሚደርሰውን ቁስል በእጅጉ ይቀንሳል። ፍሬው በጠዋት ቀዝቃዛ ሰዓት ከነእንጨቱ ተለቅሞ ወዲያው ጥላ ሥር መግባቱም እንዲሁ።

ሦስተኛው ማከማቻ ነው። በዓለም ገበያ እንዳሉት ያሉ አየራቸው የተመጠኑ መጋዘኖች ለአነስተኛ ማኅበር ከአቅም በላይ ናቸው። ይሁንና የጨንቻ ሌሊት ራሱ ማቀዝቀዣ ነው። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባ፣ ቀን የሚዘጋ፣ ግድግዳው የወፈረ ቀላል መጋዘን የፍሬውን ዕድሜ በሳምንታት ሊያራዝም ይችላል። በህንድ የተፈለሰፈው በሁለት የጡብ ግድግዳ መካከል እርጥብ አሸዋ የሚሞላበት ማቀዝቀዣም ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ይህ ዘዴ በይበልጥ የሚሠራው አየሩ ደረቅ በሆነበት ስለሆነ እርጥበት ለሚበዛበት ደጋ ሳይሆን በመንገድ ላይ ለሚገኙ ደረቅና ሞቃታማ የመሸጫ ከተሞች የሚስማማ ነው። መሣሪያ ከመግዛት በፊት የቦታውን አየር ማጤን እንደሚገባ ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

አራተኛው መረጃ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን መብት በፍራፍሬ ላይ ተግባራዊ ለማድረግ በሳጥኑ ላይ የተለቀመበት ቀንና ቦታ መጻፉ ብቻ ትልቅ እርምጃ ነው። የአገር ውስጡ አፕል ከውጭው በግልጽ የሚበልጠው በትኩስነቱ ነው። ቀኑ ካልተጻፈ ግን ይህን ብልጫ ሸማቹ ሊያውቀው አይችልም፤ ውድድሩም ወደ መልክ ይመለሳል፤ በመልክ ደግሞ የሰም ቅብ ያለው ፍሬ ያሸንፋል።

አምስተኛው ቋሚ ገዢ ማግኘት ነው። ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የመሥሪያ ቤት ክበቦች በምርት ወቅት በየሳምንቱ በውል የሚወስዱት ፍሬ ለማኅበሩ አስተማማኝ መነሻ ይሆናል። እነዚህ ገዢዎች ከመልክ ይልቅ ለጤንነቱና ለዋጋው ስለሚጨነቁ መጠኑ አነስ ያለው ፍሬም ገበያ ያገኛል። ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ለጭማቂና ለማርማላታ ሊውል ይችላል።

በሸማቹ በኩል ያለው ድርሻም ቀላል አይደለም። አፕል ሲገዛ ከቀለሙ ይልቅ ጥንካሬውን፣ መዓዛውንና ቆዳው አለመጨማደዱን ማየት፣ "መቼ ተለቀመ?" ብሎ መጠየቅ፣ ቤት ሲደርስም በቀዝቃዛ ቦታና ኤትሊኑ ከሚያበላሻቸው አትክልቶች ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። ሻጩ ጥያቄውን በተደጋጋሚ ሲሰማ መልሱን ይዞ መምጣት ይጀምራል።

በአጠቃላይ ሲታይ የአርሶ አደሮች ገበያና ሱፐርማርኬት አንዱ ሌላውን የሚተካ አይደሉም። የመጀመሪያው በምርት ወቅት ትኩስ ፍሬ ለማግኘትና የአርሶ አደሩን ድርሻ ለማሳደግ፣ ሁለተኛው ዓመቱን ሙሉ አቅርቦት ለማረጋገጥ ያገለግላሉ። የደጋው አፕል በመጀመሪያው ገበያ ስም ካተረፈ፣ ደረጃውና አያያዙ ከተስተካከለ ወደ ሁለተኛው ለመግባት የሚያግደው ነገር አይኖርም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠና ያልተዘጋጀ ምርት በቀጥታ ወደ መደርደሪያ እንዲወጣ ከተደረገ ግን የሚበላሸው የአንድ ወቅት ፍሬ ብቻ አይሆንም፤ ስሙም አብሮ ይበላሻል። ዛፍ ተክሎ ፍሬ ለማየት ዓመታት የጠበቀ አርሶ አደር ደግሞ ገበያ ሲያጣ ዛፉን ነቅሎ ወደ ገብስና ድንች ይመለሳል። በመሆኑም የግብርና፣ የኅብረት ሥራና የንግድ ተቋማት ከችግኝ ሥርጭት ቁጥር ባሻገር የተለቀመው ፍሬ በምን ሁኔታ ለበላተኛው እንደደረሰ የሚለኩበትን አሠራር ከወዲሁ ሊዘረጉ ይገባል።